የጉጉፍቱ ነፋስና የእኛ ዘጠኝ ብስክሌቶች፦ ጥፋቱ የማን ነው?

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። ከጥምቀት በኋላ በዋለው ቅዳሜ ከደሴና ከኮምቦልቻ የተሰባሰብን ዘጠኝ ሰዎች በብስክሌት ወደ ወረኢሉ ወጥተን ነበር። መንገዱ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወረቀት ላይ የአንድ ቀን ጉዞ ስለሆነ፣ አስተባባሪው እኔም ለሁሉም የነገርኩት ይህንኑ ነው። በመንገዱ ላይ እስካለችው ደጋማ ከተማ እስከ ጉጉፍቱ ያለውን ዳገት እያቃሰትንም ቢሆን ወጣነው። ዳገት ቢከፋም አይዋሽም፤ ጫፉ ከሩቅ ይታያል። ጉጉፍቱ ላይ ስንደርስ ግን ነፋሱ ከግራ በኩል መጣ። መጣ ስል ሰው እንደሚመጣ መጣ ማለቴ ነው፤ በትከሻው ገፍቶ ወደ መንገዱ ጠርዝ ወሰደን። መንገዱ ወደ ግራ በታጠፈ ቁጥር ደግሞ ፊት ለፊት ይጠብቀናል። ከዚያ ወዲያ ባሉት ኮረብታዎች ቁልቁለቱን እንኳ ፔዳል እየመታን ነው የወረድነው። ሜዳው ላይ የፍጥነት መለኪያዬ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ያሳይ ነበር።

ቡድኑ ተበጣጠሰ። ሦስታችን ከፊት ሆንን፤ አምስቱ ከኋላ ቀሩና በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው ወደ ደሴ ተመለሱ፤ አንዲት እህታችን በመካከል ብቻዋን ቀረች። ካቤ የምትባለውን ከተማ ካለፍን በኋላ የእኔ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። መለወጫ ካላማዳሪያ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ይዣለሁ፤ ፖምፓ ግን የለም። የቡድኑ ፖምፓ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ስልክ አልሠራ አለ። ብስክሌቴን እየገፋሁ፣ ሁለቱ ጓደኞቼ እያጀቡኝ፣ መሸብን። ወረኢሉ ስንገባ ያቺ እህታችን በግ በጫነ መኪና ቀድማን ደርሳ፣ እራቷን በልታ ጠበቀችን።

ከዚያ ወዲህ ቡድኑ መበተን አልነበረበትም የሚል ወቀሳ ይደርሰኛል። የእኔ አቋም ሌላ ነው። በእንዲህ ያለ ነፋስ ሰው በየአቅሙ መሄድ አለበት፤ ፈጣኑ ዘገምተኛውን እየጠበቀ በዚያ ቁር ቢቆም ሁለቱም ይታመማሉ። ተሳስቻለሁን? ልምድ ያላችሁ አስረዱኝ።

መልሶቹ

አምስት ስድስት መልስ ጠብቄ ነበር፤ ሃያ ሆነ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌለው እንደገባኝ ላውጋው። ጉዳዩ እኔን ስለሚነካ ወሬዬ ወደ ራሴ ቢያደላ ይቅር በሉኝ።

1ኛ። ከሐዋሳ የጻፈ ሰው ነው። እንኳን በሰላም ገባችሁ ብሎ ጀመረ። ከሐይቁ የሚነሳው የከሰዓት ነፋስ እነርሱንም እንደሚያስቸግር፣ በዚያን ጊዜ ሁሉም በየአቅሙ ሄዶ መጨረሻ ላይ ቡና ቤት እንደሚገናኙ ነገረኝ። ከእኔ ጋር ሙሉ በሙሉ የተስማማ እርሱ ብቻ ስለሆነ አልረሳውም። ያው ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ እዚያ የተበተነ ሰው ከከተማ አይወጣም።

2ኛ። ከደሴ በስንት ሰዓት እንደተነሳን ጠየቀ። ሰላምታ የለውም፣ ሌላ ቃልም የለውም።

3ኛ፣ የራሴ። እውነቱን ተናገርኩ። ቀጠሮው ለንጋቱ 12 ሰዓት ነበር፤ የተነሳነው ከጧቱ 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። አንዱ ባልደረባችን ቤት ቁርስ ተጠራን፤ እናቱ ቡና አፈሉ። አቦሉን ጠጥቶ መውጣት ይቻላል የሚል ሰው ወሎን አያውቅም። ቶናው አለ፣ በረካው አለ፣ ከበረካው በኋላ ደግሞ ዱዓው አለ። እናት መዳፋቸውን ዘርግተው መንገዳችሁን ያቅናላችሁ እያሉ ብድግ አይባልም። አሚን ብለን ስንወጣ ፀሐይዋ የጦሳን ተራራ ከላይ እስከ ታች አልብሳዋለች።

4ኛ። ይህ መልስ የውይይቱን ክር ለወጠው። ጸሐፊው ጉጉፍቱ አካባቢ በግ ሲጠብቅ ያደገ፣ አሁን ኮምቦልቻ የሚኖር ሰው ነው። የሁለተኛው መልስ ሰጪ ጥያቄ ነገሩን ሁሉ ይፈታዋል አለ። በበጋ የዚያ አገር ነፋስ ሰዓት ያውቃል፤ ጧት ውርጩ መሬቱን ሲያነጣው ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ ሣሩ መተኛት ይጀምራል፣ ከቀኑ 8 እና 9 ሰዓት ላይ ይበረታል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይወድቃል። ምክንያቱንም ጨመረ። ፀሐይ ምሥራቃዊውን ገደልና ከሥሩ ያለውን የአፋር ቆላ ስታሞቅ አየሩ ዳገቱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ አፋፉ ላይ ሲደርስ ደግሞ በበጋ ከምሥራቅ ከሚነፍሰው ነፋስ ጋር ይገጥማል። እረኞች ከሰዓት በኋላ መንጋውን ከኮረብታው ወደ ምዕራብ ጎን የሚያዞሩት፣ የአያቱም ቤት በር ወደ ምሥራቅ የማይከፈተው በዚህ እንደሆነ አወጋ። እኛ ጉጉፍቱ የደረስነው ነፋሱ ከቤቱ በሚወጣበት ሰዓት ነው ማለት ነው። 12 ሰዓት ላይ ብንነሳ ኖሮ ክፉውን ክፍል በጸጥታ አልፈነው ነበር። በዚህ ላይ የምከራከረው የለኝም። ብቻ እዚያች የቡና ረከቦት ፊት ማን ደፍሮ ይነሳ ነበር?

5ኛ። የፊዚክስ መምህር ነኝ ያለ ሰው ስሌት ይዞ መጣ። አየር የሚከለክለን ኃይል የሚያድገው በፍጥነታችን ሳይሆን በአንጻራዊው ፍጥነት ካሬ ነው አለ። ጸጥ ባለ አየር በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ፊት ለፊቱ 25 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ቢመጣበት፣ ያንኑ 15 ሊጠብቅ ሲል አየሩ የሚያገኘው በ40 ነው፤ ካሬው ሲሰላ የአየሩ ጫና ሰባት እጥፍ ይሆናል። ቀጥሎ ሊያጽናናን ፈለገ መሰለኝ፣ በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ስለሚሳሳ የነፋሱ ግፊትም በዚያው ልክ ይቀንሳል አለን።

6ኛ። የመጀመሪያው ሻካራ መልስ። ሳንባም የሚያገኘው ኦክስጅን አብሮ እንደሚሳሳ መምህሩ ለምን እንዳልነገሩን ጠየቀ። ይህ ቅናሽ ገበያ ላይ በግ ረክሷል ተብሎ ሲሄዱ ብሩ ከኪስ እንደጠፋ ያለ ነው ብሎ ተሳለቀ። ስድብ ባይሆንም ጨዋ ንግግር አልነበረም፤ መምህሩም ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ጠፋ። አሳዘኑኝ፤ የሰባት እጥፉን ነገር እግሬ አስቀድሞ አውቆት ነበርና።

7ኛ። ከኮምቦልቻ አንድ አዛውንት ጻፉ። ጋሼ እላቸዋለሁ፣ ክሩ ላይ የነበሩትም ሁሉ ጋሼ እያሉ ነው የመለሱላቸው። በደርግ ዘመን ፋብሪካ ሲሠሩ በብስክሌት ይመላለሱ እንደነበርና እሑድ እሑድ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሩቅ ይሄዱ እንደነበር አወጉን። የእኔን ጥያቄ በቀጥታ አልመለሱም፤ ይልቁንስ እንዴት እንደሚኬድ ነገሩኝ፣ እርሱም መልስ ነበር።

እንዳሉት፣ ነፋስ ከፊት ሲመጣ ሰው ከሰው ጀርባ ተጠግቶ ይሄዳል፤ ከኋላ ያለው ድካሙ በብዙ ይቀልለታል። ከፊት ያለው ጉልበቱ ሳያልቅ፣ ገና ብርቱ ሳለ፣ ወደ ጎን ወጥቶ ወደ መጨረሻ ይመለሳል። ጀግና ነኝ ብሎ እስኪዝል ከፊት የሚቆይ ሰው ቡድኑን ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ነፋሱ ከግራ ሲመጣ ግን የቀጥታ ሰልፍ ዋጋ የለውም። ሁለተኛው ሰው ከፊተኛው በስተቀኝ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ይሆናል፣ ሦስተኛውም ከእርሱ በስተቀኝ፤ ሰልፉ ሰያፍ ይይዛል። ደካማው መጨረሻ ላይ አይተውም። መጨረሻ ላይ ያለ ሰው አንዴ ሁለት ሜትር ከራቀ ከለላውን ያጣል፤ ከለላውን ያጣ ደግሞ ብቻውን አይደርስም። ስለዚህ ደካማውን በብርቱዎች መካከል ያስገቡታል፣ ፍጥነቱንም በእርሱ ይለካሉ።

ስለ ቁሩም አንድ ነገር አከሉ። ዳገት ላይ አልቦህ ቁልቁለት ከመጀመርህ በፊት ጋዜጣ በሸሚዝህና በደረትህ መካከል አስገባ አሉ። ሁለት እጥፍ ጋዜጣ ነፋስ አያሳልፍም፣ ታች ስትደርስ ደግሞ ታነበዋለህ። ይህን ሳነብ ከት ብዬ ሳቅሁ።

8ኛ። አይሱዙ የሚነዳ ሰው ነው፣ ቁጣም ነበረበት። ዘጠኝ ሰው በዚያ መንገድ ላይ ሰያፍ ይሰለፍ ማለት ሰው ለማስጨረስ ነው፤ ኩርባውን ዞሬ ስመጣ መንገዱን ሙሉ ይዛችሁ ባገኛችሁ ምን ላደርግ ነው አለ። በነገራችን ላይ በግና ገብስ የሚጭነው በዚያው መስመር ነው።

9ኛ። ጋሼ ተመልሰው መጡ። ልጄ ልክ ነህ ብለው ጀመሩ። ሰያፉ የሚይዘው የራሳችንን ረድፍ ብቻ ነው፤ እዚያ ውስጥ ከሦስትና ከአራት ሰው በላይ አይገባም። ዘጠኝ ሰው ከሆነ ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ በየመካከሉ መኪና የሚገባበት ክፍተት ትቶ ይሄዳል፤ ኩርባ ሲመጣ ሁሉም ወደ ቀጥታ ሰልፍ ይመለሳል። በሦስት መከፈልና በሦስት መበተን አንድ አይደለም አሉ። ይህቺ የመጨረሻዋ ለእኔ የተወረወረች ናት።

10ኛ። አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ስለ ጣርማ በር ነፋስ አነሳ። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ አፍ ላይ የሚነፍሰው ከዚህ ሁሉ ይብሳል አለ። ማን ጠየቀው?

11ኛ። ማን ጠየቀህ ተባለ። ከእኔ በባሰ ቃል።

12ኛ። ክሩ ጭራሽ ወደ ታሪክ ገባ። በ1888 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ለአድዋ ሲዘምቱ የሸዋ ጦር ወረኢሉ እንዲከት ማዘዛቸውን አስታውሶ፣ ያ ሁሉ ሠራዊት በእግሩና በበቅሎ የደረሰበትን ቦታ ዘጠኝ ሰው ባለማርሽ ብስክሌት ይዞ መድረስ አቃተው ብሎ ተረበን።

13ኛ። አንዲት እህት አረመችው። የሸዋው ጦር ወረኢሉ የገባው ከደቡብ ስለሆነ ለመድረስ ጉጉፍቱን አልረገጠም አለች። ቀጥላ ግን ያልጠበቅሁትን ጣለች። ክተት የሚባለው ሩቅ ያለው ከቅርቡ ጋር አንድ ቦታ ተጠባብቆ እንዲገናኝ ነው፤ ፊተኛው ብቻውን ቢሄድ ኖሮ ዘመቻ ሳይሆን ሽሽት ይባል ነበር። ለአሥራ ሁለተኛው የተጻፈ መስሎኝ በመጀመሪያ አልፌው ነበር። ማታ ተኝቼ ነው የገባኝ።

14ኛ። ከዘጠኛችን አንዱ ነው፣ ከተመለሱት ከአምስቱ። እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ሲያነብ ቆይቶ ነበር። ያልጻፍኩትን ጻፈው። ልብሳችንንና ምሳችንን የያዘው ፒክ አፕ ከኋላችን መከተል ሲገባው ወደ ወረኢሉ ቀድሞ እንዲሄድ ያዘዝኩት እኔ መሆኔን፣ ምክንያቴም ስንደርስ ሥጋው ተጠብሶ እንዲጠብቀን መሆኑን ተናገረ። ጉጉፍቱ ላይ ቆመን እንነጋገር ብለው ከኋላ ሲጮኹ ዞሬ እንዳየሁና እጄን አውለብልቤ እንደሄድኩም ጨመረ። አስተባባሪ ማለት ፊት የሚወጣ ሰው ከሆነ ነፋሱም አስተባባሪ ነበር አለ።

15ኛ፣ የራሴ። ረጅም ነበር፤ ግማሹን በኋላ አጠፋሁት። መኪናውን በተመለከተ ተሳስቻለሁ አልኩ። ጩኸቱን ግን በዚያ ነፋስ እንዳልሰማሁ፣ ሰላም የሚሉ መስሎኝ እጄን እንዳነሳሁ ማልሁ። ይህ እውነት ነው፣ ዛሬም እምላለሁ። ከዚያ ንዴት ያዘኝና ፖምፓው የጠፋው ከኋለኞቹ እጅ ነው ብዬ ጻፍኩ። ባልጻፍኩት ኖሮ።

16ኛ። ደሴ ውስጥ ጎሚስታ የሆነ ሰው ዘጠኝ ሰው በአንድ ፖምፓ መውጣቱን ማመን አቃተው። ለእርሱ ነፋሱም ሰልፉም ወሬ ነው። የተነፈሰው በምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ቀጭን ሽቦ ነው ብዬ በግሌ ጽፌለት ነበር። ያረጀ የጭነት መኪና ጎማ ሲበጣጠስ ከውስጡ የሚወጣው ሽቦ በየመንገዱ ጠርዝ ተበትኖ እንደሚገኝ፣ ነፋስ ወደ ጠርዝ የገፋው ብስክሌትም ከእርሱ እንደማያመልጥ አስረዳ። ካላማዳሪያውን ከመለወጥህ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣትህ ዳስስ፣ ሽቦው እዚያው ካለ አዲሱንም ይበሳዋል አለኝ። ከሃያው መልስ ውስጥ ወዲያው የተጠቀምኩበት ይህን ነው፤ ዳስሼ ሽቦውን አገኘሁት።

17ኛ። ስለ ሐረጎ ቁልቁለት አንድ ሰው አወጋ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ነው የሚቀንሰው፣ ከገደሉ ከለላ ወጥቶ ኩርባውን ሲዞር የጎን ነፋስ ድንገት መትቶት ወደ ሌላው ረድፍ ወስዶታል። ያዳነው ማኑብሪዮውን (መሪውን) አንቆ አለመያዙ፣ የብስክሌቱን ብረት በጉልበቶቹ መሐል ጠበቅ ማድረጉና ከመሪው ላይ ዝቅ ማለቱ ነው። ፍሬን መያዝ ደግሞ ከኩርባው በፊት፣ እየያዙ እየለቀቁ እንጂ ኩርባው ውስጥ አይደለም አለ። ጥሩ ትምህርት ነበር፤ ሰዉ ግን የእኔንና የአሥራ አራተኛውን ጠብ ስለሚጠብቅ ማንም ልብ አላለውም።

18ኛ። በሶ በማር ይሻላል ወይስ በስኳር የሚል ጥያቄ። በጨው የሚል ሰው አለመምጣቱ ገረመኝ፤ እኔ በጨው ነው የምጠጣው።

19ኛ። እርስዋ ጻፈች። ብቻዋን የቀረችው እህታችን።

ጽሑፏ ቁጣ የለበትም፣ ለዚህ ነው የከበደኝ። ጠፋች እየተባለ የሚወራው ልክ እንዳልሆነ አስረዳች። የጮኹት አምስቱ ሲሆኑ እርስዋ አልጮኸችም፤ ለሴት ልጅ ቆሙ እንዳይባል ብላ ዝም ማለቷን ነገረችን። ጉጉፍቱን እንዳለፈች ነፋሱ ሁለት ጊዜ ከብስክሌቷ አወረዳት። በሦስተኛው አንዲት እናት ከደጃቸው ሆነው ልጄ ግቢ፣ ግቢ እያሉ ጠሯት። ባና ደረቡላት፣ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጧት፣ የገብስ ቂጣ ቆረሱላት፣ ቡና አፈሉ። እርስዋም ወግ ነውና እስከ በረካው ድረስ ተቀመጠች። የበግ መኪናውን ያስቆሙላት የእናትየው ባል ናቸው። ሹፌሩ ማን እንደሆነ ስታወጣው ስምንተኛው መልስ ሰጪ ሆኖ ተገኘ። ለካ ሲቆጣን የነበረው ሰው የእኛኑ ሰው ጭኖ አድርሷል፣ ሒሳብም አልተቀበላትም።

ከዚያ የፖምፓው ነገር መጣ። ጧት ደሴ ላይ ለዱዓ ስንነሳ ቦርሳዬ አልዘጋ ሲለኝ ያዥልኝ ብዬ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ስታስታውሰኝ እጄ ላይ የነበረው ክብደት ሳይቀር ትዝ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ከእርስዋ ጋር ነበር። እኔ ካቤን አልፌ ጎማዬ ሲተነፍስ ፖምፓው ጥዬው በሄድኩት ሰው ጀርባ ላይ ነበር። በእናትየው ግቢ ጎማው የሞተ የልጃቸው ብስክሌት ቆሞ አይታ ነፍታለት፣ ልጁ ሲደሰት ፖምፓውን ለእርሱ ትታለት ሄዳለች። ከፈለግኸው አድራሻውን እነግርሃለሁ፣ ሄደህ አምጣው ብላ ጨረሰች።

ከዚህ በታች የጻፍኩት አጭር ነው። አሥራ አራተኛውን ይቅርታ ጠየቅሁ፣ እርስዋንም። የፊታችን ቅዳሜ እስከ ጉጉፍቱ ብቻ ደርሰን እንመለሳለን፤ ፒክ አፑ ከኋላ ይከተላል፤ የአሥራ ስድስተኛው ጎሚስታ ሦስት ፖምፓ ሊያውሰን ቃል ገብቷል። ለእናትየው አንድ ኪሎ ቡናና ሁለት ኪሎ ስኳር ገዝቻለሁ። ለልጁ ካላማዳሪያ ይዤለታለሁ፤ የፖምፓውን ነገር አላነሳም። መነሻችን ከፒያሳ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው አልኩ።

20ኛ። ሁለተኛው መልስ ሰጪ ተመልሶ መጣ። አሁንም ሰላምታ የለውም። ቡናው ከመነሳታችን በፊት ነው ወይስ ጉጉፍቱ ላይ ሲል ጠየቀ።